ከአጥሩ ውጭ የቆመው ዋሲሁን

ዋሲሁንን ዘንድሮ ያለ ጥምጣም ቀበርነው። በቄስነቱ ቢሞት ኖሮ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ፣ ካህናቱ ዙሪያውን እየዘመሩለት፣ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞር ነበር። እሱ ግን በአንድ ነጠላ ተጠቅልሎ እንደ ማንኛውም ገበሬ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከለቀስተኛው መካከል ይህን አይቶ አንገቱን የደፋ ሰው ነበር። እኔ አልደፋሁም።

ዋሲሁን የታናሽ እህቴ የቆንጅት ባል ነበር። ቤታቸው ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ ባለች ትንሽ መንደር ነው። እንደ አገር ቤት ቄስ ሁሉ ከቅዳሴ መልስ ሞፈር ተሸክሞ ማሳው ውስጥ የሚውል ሰው ነበር። ረጅም፣ እጀ ትልቅ፣ ድምፁ ጎርናና። ዜማ አያምርለትም። የማሳ ጎረቤቱ ፈሪድ «አንተ ስትቀድስ ግመሎቼ ይደነብራሉ» እያለ ያበሽቀው ነበር፤ ዋሲሁንም «ግመልህ ከፈራች ሰይጣንማ ምን ይሆን» ብሎ ይመልስለታል።

ዲያቆን ሳለ ቆንጅትን በቁርባን አገባ። በእኛ ሥርዓት ቄስ አንድ ሚስት ነው ያለው። እሷ ከሞተች ብቻውን ይኖራል፤ ሌላ ሴት ካወቀ ቅስናው ይፈርሳል። የፈረሰ ቅስና አይጠገንም። ይህን ቆንጅትም ታውቅ ነበርና ስትቀልድ «ለእሱ ስል አልሞትም» ትል ነበር።

ስኳር ነበረባት። መድኃኒቷ ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ መርፌ ነው። ጦርነቱ በመጣበት በዚያ ክፉ ክረምት መንገዱ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ የቆቦ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያቸው ባዶ ሆነ። ዋሲሁን በአህያ ጭኖ ቆቦ እኔ ቤት አመጣትና ሐኪም ቤት ስንመላለስ ሰነበትን። አልጋዬ ላይ ሞተች። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍም። ልጅ አልነበራቸውም።

ከቀብሩ በኋላ ዋሲሁን ወደ መንደሩ ተመለሰ። ጎረቤቶች መጀመሪያ እንጀራ ይልኩለት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ። አንድ ቀን ልጠይቀው ስሄድ ማሽላ ቀቅሎ ከድስቱ እየዘገነ ሲበላ አገኘሁት። እጁ በእንፋሎት ተልጦ ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስነሳ «እታለም፣ የቆንጅት ነጠላ አንቺ ጋ ካለ አታጥቢው» አለኝ። እኔ ግን አጥቤው ነበር።

ከማሳው አጠገብ ሙሉ የምትባል ሴት መሬት ነበራት። ሙሉ ጎብዬ መንገድ ዳር ሻይና አምባሻ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መሬቷን ዋሲሁን እያረሰ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። በክረምት ጎርፉ ከምዕራቡ ተራራ ሲወርድ ማሳ ያለው ሁሉ ወጥቶ ውሃውን ወደየእርሻው ይጠልፋል። የራያ ማሽላ የሚበቅለው በዚያ ነው። ሙሉም ትመጣ ነበር። ምሳ ታመጣለች፣ እሱም ለሷ ቦይ ይከፍትላታል።

ቆንጅት በሞተች በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ዋሲሁን ከሙሉ ጋር ወደቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ መግባት አልነበረበትም። ይህን ገና ፊደል የሚቆጥር ዲያቆን እንኳ ያውቀዋል። ወዲያው ግን ነሐሴ ገባ፤ የፍልሰታ ጾም ሆነ። ፍልሰታ በእኛ አገር የልጆች ጾም ነው። እየተራቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውሉና ቅዳሴ ገብተው ይቆርባሉ። ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይቀደስም። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ሆነው ካልቆሙ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ይውላል። በዚያች መንደር የቀሩት ቄሶች መምሬ አያሌውና ዋሲሁን ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ በዚያ ክፉ ጊዜ ወጥተው አልተመለሱም። ዋሲሁን «ወድቄአለሁ» ካለ አምስቱ አይሞላም።

አላለም። ጥምጣሙን ጠምጥሞ ገባ። አንድ ቀን ብቻ ብሎ ገባ፤ በማግስቱም ገባ፤ እንዲህ እያለ ጾሙን በሙሉ ቀደሰ። ሥጋውን የሚያቀብለው እሱ ነበር። የፊት ጥርሳቸው የወላለቀ ልጆች አፋቸውን ከፍተው እየመጡ ከእጁ ተቀበሉ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት መምሬ አያሌው ቤት ሄደ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ማዕድ ሊቆርሱ ነበር። ዋሲሁን በር ላይ ተንበረከከ።

«ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ፣ ቁርጥ ቀርቧል» አሉት።

«መምሬ፣ ፈርሻለሁ።»

«ምን?»

«ከሙሉ ጋር። በሐምሌ።»

መምሬ አያሌው ወደ ማዕዱ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን?»

«ይሄን ሁሉ ቀን።»

«ዝም በል» አሉት። «ዝም በል እስቲ።» ከዚያ ማዕዱን አስነሡ። ሚስታቸው ኋላ እንደነገረችኝ ያን ቀን ሥጋ አልቀመሱም። መስቀሉን ተቀበሉት። ስግደትና ጾም የሞላበት የአንድ ዓመት ቀኖና ሰጡት። ሙሉን እንዲተዋት ወይም እንዲያገባት ነገሩት። እሱም አገባት፤ የባልና የሚስት ሞት ያገኛቸው ሰዎች የሚጋቡበትን ጸሎት መምሬ ራሳቸው አደረሱላቸው። እኔ አልተነገረኝም።

ወሬው ቆቦ ገበያ ላይ ነው የደረሰኝ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ አንዲት ሴት «የእህትሽ ባል አገባ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ መንደሩን አልረገጥኩም።

ያገኘሁት ከወራት በኋላ፣ ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሲገባ አየሁት። ጋቢ ለብሷል፣ ፂሙን አልተላጨም። ከደጋ የመጡ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ሲቀመጥ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፦

«ይባርኩኝ አባቴ፤ መስቀል ያሳልሙኝ» አሉት።

«የለኝም» አለ ዋሲሁን።

«ረሱት?»

«አዎ። አይ... ቄስ አይደለሁም አባባ።»

ሽማግሌው አላመኑም። ወደ እጁ፣ ከዚያ ወደ ፂሙ ተመለከቱ። «ኧረ ይተዉ! መርቀው ይሂዱ እንጂ ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም።»

ዶሮ አቅፋ የተቀመጠች ሴት ከፊት ዞራ፣ «ኧረ አባባ ይተውት፤ ፂም ያለው ሁሉ ቄስ ነው እንዴ? ፂምማ ፍየላችንም አለው» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው አፈሩ።

«ታዲያ ምንድን ነህ አንተ?» አሉት።

«ገበሬ ነኝ።»

ድምፁ ያው ጎርናናው ድምፅ ነበር። እስከ ቆቦ ድረስ ውጭውን እያየ ሄደ። ስንወርድ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። በሕይወቴ «አንተ» ብዬው አላውቅም ነበር፤ ቄስ ነውና «እርስዎ» ነበር የምለው። ያን ቀን ግን «ና፣ ምሳ ብላ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ያ የፍየል ቀልድ ነው።

ያለኝን አቀረብኩለት። ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ እስከ አሁን የጻፍኩትን አብዛኛውን ያወቅሁት ከሱ ነው። የእህቴን ነገር ሲያነሳ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እንዲጠይቀኝም አልፈለግሁም። አንድ ነገር ላይ ሲደርስ ግን መብላቱን አቆመ።

«ልጆቹ ለምን ይቅሩ ብዬ ነው የገባሁት» አለ።

«ታዲያ እሱማ...»

«ውሸቴን ነው እታለም። ማለት፣ እውነትም ነው። ሰውም ፈርቼ ነው። ሁለቱም ነው።» እጁን ዘርግቶ አየው። «መጽሐፉ ሳይገባው የቀረበን ሰው እሳት ይበላዋል ይላል። እኔ ልበላ። እነሱ ግን ምን አደረጉ? በዚህ እጅ ነው እሳት ያጎረስኳቸው።»

ሻይ ቀዳሁለት።

ከዚያ በኋላ ወደ መንደሩ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት በሌላው ዓመት፣ ለቆንጅት ሙት ዓመት ነበር። ዝክሩን ያዘጋጀችው ሙሉ ሆና አገኘኋት። ጌሾ ወቅጣ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ፣ በቅጡ ለማታውቃት ሴት። ጓዳ ውስጥ ላግዛት ስገባ ፈራችኝ። «ሳልጠይቅዎ አደረግሁ እትዬ፤ ከከፋዎት...» አለችኝ። አልከፋኝም አልኳት። ቆንጅት ጠላው ላይ ጌሾ ይበዛል ትል ነበር ብዬም ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ስንጨርስ በሩ ላይ ተቀምጠን የልቧን አጫወተችኝ።

«ቀኖናው ካለቀ ቆይቷል» አለች። «መምሬ "ተፈትታችኋል፣ ቁረቡ" ይሉታል፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። እሱ ነው እምቢ ያለው።»

«አንቺ ብቻሽን ብትቆርቢስ?»

«ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው፣ አንዱ ቆርቦ አንዱ ሊቀር አይሆንም አሉኝ።» ቀጥላም፣ «እኔ የቆረብኩት በልጅነቴ ነው እትዬ። ጥርሴ ሳይነቀል። ከዚያ ጋብቻው፣ ከዚያ ሻይ ቤቱ፣ ከዚያ ሞቱ። አሁን እንኳ እያልኩ ነበር» አለች።

በእርግጥ ዋሲሁን ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወም። ግን ከአጥሩ አይገባም። ሌላው ሰው ጫማውን አውልቆ ሲገባ፣ እሱ ከደጁ ውጭ፣ ከግራር ሥር ይቆማል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሳይቀመጥ ይቆምና አጥሩን ተሳልሞ ይሄዳል። ሙሉም ከሱ ኋላ ትቆማለች። ሕዝቡ የሚመልሰውን የቅዳሴ ተሰጥኦ በሙሉ በቃሉ ያውቃል፤ አፉ ግን አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ሰው ከንፈሩን ይመጥ ነበር፤ በኋላ ለመደውና እንደ ግራሩ ቆጠረው።

አትቆርብም ወይ ሲባል ሁልጊዜ ምክንያት አለው። በጥር ውቂያ ነው። በትንሣኤ እግሩን አሞታል። በፍልሰታ ደግሞ ጎርፉ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይሠራም፣ አይተፋም፣ ውሃ ውስጥ አይገባም። ጎርፍ ደግሞ ቀን ቀጥሮ አይመጣም። ተራራው ላይ ከዘነበ በድንገት ይወርዳል፤ በዚያች ሰዓት ባለቤቱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ካልጠለፈው ውሃው ወደ በረሃው ያልፋል፣ ማሽላውም ይደርቃል። «ቆርቤ ሳለሁ ቢመጣብኝስ?» ይላል ዋሲሁን። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ምክንያቱ ምክንያት ነበር።

ባለፈው ዓመት ፍልሰታን ለማሳለፍ እነሱ ቤት ሄድኩ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሴቶች በነሐሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠጋ ማለት ይወዳሉ። አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጠን ሳለ ፈሪድ አካፋውን ተሸክሞ መጣ።

«ቄሴ! ደመናውን አየኸው?»

«ቄሴ አትበለኝ ብዬሃለሁ» አለ ዋሲሁን።

«ታዲያ ሼኬ ልበልህ? አይመጥንህም።»

ሙሉ ከውስጥ ወጣች። እንደዚያ ቀን ተቆጥታ አላየኋትም። «ፈሪድ፣ እስቲ አንተ ፍረደን። ይሄ ሰውዬ ዘንድሮም ጎርፍ እየጠበቀ ነው። በቁርባኔ ቀን ይመጣብኛል ይላል።»

«ቢመጣስ?»

«የቆረበ ውሃ አይገባማ!»

ፈሪድ አካፋውን ከትከሻው አወረደ። «ስንት ቀን ነው የማይገባው?»

«የዚያን ቀን ብቻ።»

«ላንድ ቀን ነው ይሄ ሁሉ?» ፈሪድ ወደ ዋሲሁን ዞረ። «ወላሂ እኔ ወር መስሎኝ! ባለፈው በልግ በረመዳን፣ ጉሮሮዬ ደርቆ መቆም ሲያቅተኝ የኔን ውሃ የጠለፈው ማን ነው? ሌላ ሰው መስሎሃል?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ያኔ እኔ ጾመኛ ነበርኩ፣ አሁን አንተ ነህ። ቀኑን ንገረኝ፤ ከጠዋት ጀምሬ ቦዩ ላይ እቆማለሁ። አንዲት ጠብታ ካለፈችህ በግመሌ ካሰኝ።»

ዋሲሁን ምክንያቱ አለቀበት። አልሳቀም፣ እሺም አላለም። ፊቱ ጠቆረና ተነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ። ፈሪድ ግራ ገብቶት «ምን በደልኩት?» አለኝ።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከግራሩ ሥር እንደተለመደው ቆሞ ነበር። ሙሉ ከኋላው፣ እኔም ከሷ ጋር ቆምኩ። ልጆቹ ቆርበው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ሰው ከተበተነ በኋላ መምሬ አያሌው በትራቸውን እየተመረኮዙ እስከ ደጁ መጡ። በጣም አርጅተዋል። ሁለተኛ ቄስ ከሌላ ደብር እየለመኑ ነው የሚያመጡት፤ ያልተገኘ ቀን ቅዳሴው ይታጎላል።

«እህ? ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?» አሉት። «ግመል ጠፋብኝ?»

«መምሬ፣ ልጆቹ» አለ ዋሲሁን።

«የትኞቹ ልጆች?»

«ያን ክረምት ያቆረብኳቸው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ለካ እስከዚያ ቀን ለልጆቹ መፍራቱን ለሳቸው አልነገራቸውም። ውድቀቱን ነገራቸው፣ መቀደሱን ነገራቸው፤ ይህን ግን እኔ ቤት ነበር የተናገረው።

«አንተ ነህ ያቆረብካቸው?» አሉት።

«በዚህ እጄ።»

«እጅህማ እጅህ ነው። የያዝከው ግን ያንተ ነበር?»

ዋሲሁን እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ መለሰ።

«ይሄ ከተራራ የሚመጣው ጎርፍ» አሉ መምሬ፣ «በስንት እበትና በስንት ሬሳ አልፎ እንደሚመጣ አንተ ታውቃለህ። ማሽላህ ደፍርሰሃል ብሎ ትቶት ያውቃል? ይጠጣል። የሚቦረቦረው ቦዩ ነው። አንተ ተቦርቡረሃል፤ አልክድህም፤ ሳይህ ያመኛል። እነሱ ግን ጠጥተዋል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ደግሞ ትናንት አጥሬን ዘልለው በለሴን የሰረቁኝ እነዚያው ልጆችህ ናቸው። እሳት የዋጠ ሰው እንዲህ ይዘላል?»

ሙሉ ሳቀችና አፏን ያዘች። ዋሲሁን አልሳቀም።

«ክህነቴስ?» አለ በጣም ቀስ ብሎ።

«እሱ ሄዷል። አልዋሽህም። እስከምትሞት መቅደስ አትገባም። ለኔም ጎዶሎ ነው፤ ብቻዬን ቀርቻለሁ። የሄደው ሄዷል፤ ቁርባን ግን ማን ከለከለህ? እኔ ከለከልኩህ? እግዜር ከለከለህ?»

«የሚገባኝ አይደለም መምሬ።»

«አሃ!» ሽማግሌው በትራቸውን መሬት መቱ። «ያን ጊዜ ሳይገባህ ገባህ፣ አሁን ክፍት ሆኖልህ አልገባም አልክ። ሁለቱንም ጊዜ የሰማኸው ራስህን ነው። እሺ አንተ ቁም። ይህቺን ሴትዮ ለምንድን ነው ያቆምካት? የራስህ አልበቃህም?»

ዋሲሁን ዘወር ብሎ ሙሉን አያት። ከኋላው እንደምትቆም የማያውቅ አይደለም። ግን ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ዞሮ ሲያያት አላየሁም። ነጠላዋ በላብ አንገቷ ላይ ተጣብቋል። እግሯ አብጧል፤ ሻይ ቤት ቆማ ውላ፣ እዚህ ደግሞ ቆማ።

«እኔ ለምጃለሁ» አለች ሙሉ። በድምፅዋ ቅሬታ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ከፊት ከፊት ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ሳይዞር፣ «ለፈሪድ ሐሙስ ነው በዪው» አላት።

ሐሙስ ደረሰ። ገላቸውን ታጠቡ፣ ነጭ ለበሱ፣ ከንፈራቸውን ውሃ ሳይነካው ዋሉ። ደጁ ላይ ስንደርስ ዋሲሁን ቆመና ግራ ገባው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲገባ የኖረው በካህናቱ በር ነው፤ ምእመናን ጫማቸውን የት እንደሚያኖሩ፣ ወንዶች በየት በኩል እንደሚሰለፉ አያውቅም። ቀድሶ እንጂ ተሰልፎ አያውቅም። ሙሉ ጫማውን ከእጁ ተቀብላ ከግድግዳው ሥር ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችለት። «በዚያ በኩል ቁም፣ ከነዚያ ሽማግሌዎች ኋላ» አለችው። እንደተባለው አደረገ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ ሰው ሁሉ አየው። ከጎኔ የቆመች ሴት የጎረቤቷን ክንድ ነካች። ቦታ የለቀቀለት አልነበረም፤ በጭንቅ ተጠጋግቶ ቆመ።

መጋረጃው ሲከፈት መጀመሪያ ሕፃናቱ፣ ከዚያ ልጆቹ ቀረቡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ዋሲሁን ተራው ሲደርስ አንድ እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ሰልፉ ከኋላው ተገታ። መምሬ አያሌው ጠበቁት። የሚያውቃቸው ሁሉ ትዕግሥት እንደሌላቸው ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን ጠበቁ። ዲያቆኑ እንኳ ቀና ብሎ አያቸው። እኔ ወደ ሙሉ ተመለከትኩ። በሴቶቹ በኩል ዓይኗን ጨፍና ቆማለች።

ዋሲሁን ቀረበ። አፉን ከፈተ። መምሬ አጎረሱት፤ ዲያቆኑ ደሙን አቀበለው። ጋቢውን ወደ አፉ ሰብስቦ ዞረ፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ግድግዳው ሄዶ ቆመ። አላለቀሰም። ከዚያ ሙሉ ተቀበለች። የሷን ፊት አላየሁም፤ እኔም ተራዬ ደርሶ ነበር።

ያን ቀን ጎርፍ አልመጣም። ተራራው ላይ አንድም ደመና አልነበረም። ፈሪድ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቦዩ ላይ በፀሐይ ቆሞ ዋለ። ስንመለስ ከሩቅ አየነው፤ አካፋውን ከፍ አድርጎ አሳየን። ዋሲሁን ከጋቢው ውስጥ እጁን ሊያወጣ ፈልጎ ተወው። በኋላም ያን ክረምት ውሃው አልበረከተም፤ የሁሉም ማሽላ ቀጭን ነበር።

ማታ እራት ቀርቦ ተቀመጥን። ዋሲሁን ግድግዳውን ተደግፏል። መጠየቅ እንደማይገባኝ ባውቅም ጠየቅሁት።

«እንዴት ነበር?»

«ቆንጅትን አሰብኳት» አለ። «ሌላ ምንም አልተሰማኝም እታለም። ያለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ድንጋይ እንደሆንኩ ቆምኩ። አፌን ስከፍት እንኳ "አይሆንም፣ ለዚህ አትስጡት" የሚል ድምፅ ስጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልመጣም። ሰጡኝ።» እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «እንደማንም ሰው ሰጡኝ።»

ሙሉ ሽሮውን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። «ብላ» አለችው። «ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስክም።»

እንጀራውን ቆርሶ መጀመሪያ ወደሷ አፍ አደረሰው፤ ከዚያ ወደኔ። ከዚያ ራሱ በላ።